የኮምፓውንድ ደጋን ማነጣጠሪያን ለረጅም ርቀት ማስተካከል

የኮምፓውንድ ደጋን ማነጣጠሪያን ለረጅም ርቀት ማስተካከል ማለት በቅርብ (አብዛኛውን ጊዜ በ18 ወይም በ20 ሜትር) ዒላማውን እንዲመታ የተዘጋጀ ደጋን በ50፣ በ60 ወይም በ80 ሜትርም በትክክል እንዲመታ፣ ለእያንዳንዱ ርቀት የሚሆነውን የማነጣጠሪያ ቦታ ፈልጎ ምልክት ማድረግ ነው። ቀስተኞች ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት ከቤት ውስጥ ውድድር ወደ ሜዳ ውድድር ሲሸጋገሩ ነው። የቅርቡን ርቀት ምልክት አይቶ የሩቁን መገመት የተለመደ ስህተት ነው፤ ከታች በስሌት እንደሚታየው ይህ ግምት በ50 ሜትር ላይ ሁለት ነጥብ ያሳጣል፣ በ80 ሜትር ላይ ደግሞ ፍላጻውን ከዒላማው ወረቀት ውጭ ያደርገዋል።

ስያሜ

በአማርኛ ቀስት የሚለው ቃል አንዳንዴ የሚገተረውን መሣሪያ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከመሣሪያው የሚወጣውን ዘንግ ያመለክታል። በግዕዝ ቀስት መሣሪያው ራሱ ነው፤ ቀስተ ደመና የሚለው ስምም ከዚሁ ትርጉም የመጣ ነው። ዘንጉ በግዕዝ ሐጽ ይባላል። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን ቀስት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዘንጉን ነው። መደናገርን ለማስቀረት በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው ደጋን፣ ዘንጉ ፍላጻ፣ ተኳሹ ደግሞ ቀስተኛ ተብሏል። ደጋን ጥጥ የሚነደፍበት መሣሪያም ስም ነው፤ እሱም ቢሆን የሚሠራው በተወጠረ አውታር ነው።

መሣሪያው

ኮምፓውንድ ደጋንን የፈለሰፈው የአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ነዋሪ የነበረው ሆለስ ዊልበር አለን ነው። የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በ1966 እ.ኤ.አ. አስገብቶ በ1969 እ.ኤ.አ. መብቱ ተሰጥቶታል። ከቀድሞው ደጋን የሚለየው በሁለቱ ክንዶቹ ጫፍ ላይ ካም የሚባሉ መዘውሮች ስላሉት ነው። ቀስተኛው መገተር ሲጀምር የሚያስፈልገው ኃይል እየጨመረ ይሄዳል፤ መጨረሻው አካባቢ ግን ካሞቹ ዞረው ኃይሉ በድንገት ይቀንሳል። ለምሳሌ 60 ፓውንድ የሆነ ደጋን የ75 በመቶ ቅናሽ ካለው፣ ቀስተኛው ሙሉ በሙሉ ገትሮ ሲያነጣጥር እጁ ላይ የሚቀረው 15 ፓውንድ ብቻ ነው። 60 ፓውንድ የዓለም የቀስት ፌዴሬሽን (ወርልድ አርቸሪ) ለኮምፓውንድ ደጋን የሚፈቅደው ከፍተኛው መጠን ነው።

ኃይሉ ስለሚቀንስ ቀስተኛው ሳይንቀጠቀጥ ለማነጣጠር ጊዜ ያገኛል፤ አውታሩንም በጣቱ ሳይሆን በእጅ በሚያዝ መልቀቂያ ይለቃል። የሰውየው ስህተት በዚህ መጠን ሲያንስ የመሣሪያው ስህተት ጎልቶ ይታያል። በኮምፓውንድ ውድድር የማነጣጠሪያ ልኬት ይህን ያህል ቦታ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

ማነጣጠሩ የሚከናወነው በሁለት ነጥቦች ነው። አንደኛው ፒፕ የሚባለው፣ በአውታሩ ክሮች መካከል የሚታሰር ትንሽ ቀለበት ነው፤ ደጋኑ ሲገተር ከዓይን ፊት ይመጣል። ሁለተኛው ከእጀታው በላይ በተሰካ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ፒን ወይም ሌንስ የተገጠመለት ስኮፕ ነው። ነገሩ ከጠብመንጃ የኋላና የፊት ማነጣጠሪያ ጋር ይመሳሰላል። ይሁን እንጂ በብዙ ጠብመንጃዎች ለርቀት ከፍ ዝቅ የሚለው የኋላው ሲሆን፣ በደጋን ላይ የሚንቀሳቀሰው የፊተኛው ነው። በዚህ የተነሳ የማስተካከያው አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ጠብመንጃ የለመደ ሰው ደጋን ሲይዝ በመጀመሪያ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በደጋን ላይ ሕጉ «ፒኑ ፍላጻውን ይከተላል» የሚል ነው። ፍላጻው ከመሃል በታች ከመታ ፒኑ ወደ ታች፣ ከላይ ከመታ ወደ ላይ፣ በግራ ከመታ ወደ ግራ፣ በቀኝ ከመታ ወደ ቀኝ ይወሰዳል። ፒኑ ወደ ታች ሲወርድ ቀስተኛው ያንኑ ፒን መሃሉ ላይ ለማሳረፍ ደጋኑን በሙሉ ወደ ላይ ማንሳት ስለሚኖርበት ፍላጻው ከፍ ብሎ ይሄዳል።

ማነጣጠሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ባለ ብዙ ፒኑ ለተለያዩ ርቀቶች የተስተካከሉ፣ አንዱ ከአንዱ በታች የተደረደሩ ፒኖች ያሉት ሲሆን ብዙ ጊዜ አዳኞች ይጠቀሙበታል። ተንሸራታቹ ደግሞ አንድ ፒን ወይም አንድ ስኮፕ ብቻ አለው፤ ለየርቀቱ በመዘውር ከፍ ዝቅ ይደረጋል፣ ከጎኑም የርቀት ምልክቶች የሚጻፉበት መስፈሪያ አለው። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ስለ ተንሸራታቹ ነው።

ርቀት ሲጨምር የሚለወጠው ነገር

ፍላጻ ከአውታር ከተለየ ጀምሮ በመሬት ስበት ይወድቃል። ውድቀቱ ከርቀቱ ጋር እኩል የሚያድግ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የሚያድገው ከጊዜው ካሬ ጋር ነው። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ውድቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለምሳሌ በሰከንድ 85 ሜትር (280 ጫማ ገደማ) የሚጓዝ ፍላጻ የሚለቅ ደጋን እንውሰድ። ፒፑ ከፍላጻው 11 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ፣ ፒኑም ከዓይን 85 ሴ.ሜ. ርቆ ይቀመጥ። የአየር ሰበቃን ወደ ጎን ትተን ስናሰላ የሚከተለው ይገኛል። አራተኛው ዓምድ ፒኑ ከ20 ሜትር ምልክቱ ምን ያህል መውረድ እንዳለበት፣ አምስተኛው ደግሞ ፒኑ በ1 ሚ.ሜ. ሲሳሳት ፍላጻው ዒላማው ላይ ምን ያህል እንደሚሳሳት ያሳያል።

| ርቀት (ሜትር) | የጉዞ ጊዜ (ሰከንድ) | ውድቀት (ሴ.ሜ.) | የፒን መውረድ (ሚ.ሜ.) | የ1 ሚ.ሜ. ስህተት ውጤት (ሴ.ሜ.) |
|---|---|---|---|---|
| 20 | 0.24 | 27 | 0 | 2.4 |
| 30 | 0.35 | 61 | 4.2 | 3.5 |
| 40 | 0.47 | 109 | 9.2 | 4.7 |
| 50 | 0.59 | 170 | 14.5 | 5.9 |
| 60 | 0.71 | 244 | 20.0 | 7.1 |
| 80 | 0.94 | 434 | 31.1 | 9.4 |

በሠንጠረዡ ውስጥ ዋናው ነገር አራተኛው ዓምድ ነው። ከ20 ወደ 30 ሜትር ለመሄድ ፒኑ 4.2 ሚ.ሜ. ይወርዳል፤ ከ50 ወደ 60 ለመሄድ ግን 5.5 ሚ.ሜ. ያስፈልገዋል። በመስፈሪያው ላይ ያሉት ክፍተቶች እኩል አይደሉም። የአየር ሰበቃ ሲጨመርበት ፍላጻው በመንገድ ላይ ፍጥነቱን ስለሚያጣ የሩቆቹ ክፍተቶች ከዚህም ይሰፋሉ።

አሁን የ20 እና የ30 ሜትር ምልክቶችን በደንብ ካወጣ በኋላ «በየ10 ሜትሩ 4.2 ሚ.ሜ. ነው» ብሎ ወደ 50 የሚያሰላ ቀስተኛ እንውሰድ። ፒኑን 12.6 ሚ.ሜ. ያወርዳል፤ ትክክለኛው ግን 14.5 ነው። የጎደለው 1.9 ሚ.ሜ. ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የእርሳስ ጫፍ ብዙም የማይበልጥ ነው። ዒላማው ላይ ግን ፍላጻው 11 ሴ.ሜ. ዝቅ ብሎ ያርፋል። በ50 ሜትር ውድድር በሚሠራበት ባለ 80 ሴ.ሜ. ወረቀት ላይ የአሥር ክብ ስፋት 8 ሴ.ሜ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀለበት 4 ሴ.ሜ. ነው። ስለዚህ ቀስተኛው ምንም ሳይሳሳት፣ ሳይንቀጠቀጥ ቢለቅ እንኳ የሚያገኘው 8 ነው። በዚሁ ግምት ወደ 80 ሜትር ቢቀጥል ጉድለቱ 5.8 ሚ.ሜ. ይደርስና ፍላጻው ከመሃል 55 ሴ.ሜ. ዝቅ ይላል፤ የወረቀቱ ጠርዝ ከመሃሉ 40 ሴ.ሜ. ላይ ስለሚያበቃ ወረቀቱን ጨርሶ አያገኘውም።

በተቃራኒው በሁለት በተተኮሱ ርቀቶች መካከል ያለውን መገመት ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የ20 እና የ60 ሜትር ምልክቶች ያሉት ሰው የ40ውን በሁለቱ መካከል እኩል ቢያደርገው የሚሳሳተው 0.8 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፤ ይህም በ40 ሜትር ላይ ከ4 ሴ.ሜ. በታች ነው። የሩቁ ምልክት በተኩስ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

የቅርብ ርቀትም የራሱ ወጥመድ አለው። ዓይን ከፍላጻው በላይ ስለሆነ፣ በምሳሌው ደጋን ርቀቱ ከ13 ሜትር ገደማ ሲያንስ ፒኑ ከፍ ከማለት ይልቅ እንደገና መውረድ ይጀምራል። በ5 ሜትር ላይ ያለ ዒላማን ለመምታት የሚያስፈልገው የ32 ሜትር አካባቢ ምልክት ነው። ነገሩ ለጀማሪ የማይመስል ቢሆንም በሜዳ ውድድር አጭር ርቀት ላይ ነጥብ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ነው።

ቅድመ ዝግጅት

የሩቅ ምልክት ዋጋ የሚኖረው ምልክቱ ከወጣ በኋላ ምንም ነገር ካልተነካ ነው። ፒፑ በአውታሩ ላይ 1 ሚ.ሜ. ቢንሸራተት ውጤቱ ፒኑን 1 ሚ.ሜ. ከማንቀሳቀስ ጋር አንድ ነው፤ በ50 ሜትር ወደ 6 ሴ.ሜ. ይሆናል። ስለዚህ ፒፑ ከላይና ከታች በክር ይታሰራል፣ ቦታውም ይለካና ይመዘገባል። የአውታሩ መርዘምና የካሞቹ አቀማመጥም እንዲሁ ቀድሞ ይታያል፤ አዲስ አውታር የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ላይ ትንሽ ስለሚለጠጥ ወዲያው ምልክት ማውጣት ከንቱ ድካም ነው።

ፍላጻዎቹ በክብደት፣ በርዝመትና በግትረት አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ለምሳሌው ደጋን በሰከንድ የ1 ሜትር የፍጥነት ልዩነት በ50 ሜትር ላይ 4 ሴ.ሜ. ከፍታ ይለውጣል፤ ይህም አንድ ሙሉ ቀለበት ነው። ከሌላ ስብስብ የተደባለቀ አንድ ከባድ ፍላጻ በ20 ሜትር ላይ ሳይታይ ያልፍና በ50 ላይ ይጋለጣል።

የግራና ቀኝ አቅጣጫ የሚፈተሸው ወደ ኋላ እየራቁ በመተኮስ ነው። ከዒላማው መደገፊያ ላይኛው ክፍል ትንሽ ነጥብ ይደረጋል፣ ከነጥቡም በቱምቢ ቀጥ ብሎ የወረደ ክር ወይም ፕላስተር ይለጠፋል። ከዚያ ፒኑን በ20 ሜትር ምልክት ላይ ሳይነኩ፣ ሁልጊዜም ያንኑ ነጥብ እያነጣጠሩ ከ20፣ ከ30 እና ከ40 ሜትር ይተኮሳል። ፍላጻዎቹ እየወረዱ ይሄዳሉ፤ በምሳሌው ደጋን በ40 ሜትር ላይ 43 ሴ.ሜ. ያህል ዝቅ ይላሉ። ሁሉም ክሩ ላይ ካረፉ መልካም ነው። እየራቁ በሄዱ ቁጥር ወደ ግራ የሚሸሹ ከሆነ የፍላጻው ማረፊያ በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ የሚሸሹ ከሆነ ወደ ግራ ይወሰድና በ20 ሜትር ፒኑ እንደገና ይስተካከላል። ማረፊያው የሚንቀሳቀሰው ከግማሽ ሚ.ሜ. ባልበለጠ እርምጃ ነው። ማረፊያውን ከመንካት በፊት ግን ደጋኑ ተጋድሎ ተይዞ እንዳልነበር ማረጋገጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማረፊያው ሳይሆን የእጁ ነው።

ምልክት ማውጣት

ሥራው ከቅርብ ተጀምሮ በደረጃ ይርቃል። ይህ ከትክክለኛነት ይልቅ የደኅንነት ጉዳይ ነው። አዲስ የተገጠመ ማነጣጠሪያ ወዴት እንደሚልክ ስለማይታወቅ የመጀመሪያው ፍላጻ የሚለቀቀው ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለ ርቀት ነው። ዒላማውን የሳተ ፍላጻ በ80 ሜትር ላይ ቆሞ አይቀርም፤ ከመደገፊያው ጀርባ የአፈር ግንብ ወይም የፍላጻ መረብ ከሌለ፣ ከዚያም በኋላ ሰውና እንስሳ የማይደርስበት ባዶ ሜዳ ከሌለ የረጅም ርቀት ልምምድ አይደረግም። አውታሩም ያለ ፍላጻ አይለቀቅም፤ ወደ ፍላጻው ይሄድ የነበረው ኃይል በክንዶቹና በካሞቹ ላይ ስለሚያርፍ ደጋኑን ሊሰብር ይችላል።

በ20 ሜትር ምልክቱ ከተገኘ በኋላ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40 ይኬዳል። በየደረጃው ፒኑን ከሚታሰበው ትንሽ ዝቅ አድርጎ መጀመር ከላይ ከተነገረው የክፍተት መስፋት ጋር ይስማማል። ፍላጻው ያረፈበት ቦታ ሲታወቅ የሚያስፈልገው እርማት በስሌት ይገኛል፤ የስህተቱ መጠን ከዓይን እስከ ፒን ባለው ርቀት ተባዝቶ ለዒላማው ርቀት ይካፈላል። በ50 ሜትር 10 ሴ.ሜ. ዝቅ ያለ ፍላጻ ፒኑ 1.7 ሚ.ሜ. መውረድ እንዳለበት ይናገራል። በግምት ጥቂት ጥቂት እያወረዱ ደርዘን ፍላጻ ከማባከን ይህ ይሻላል።

እርማት በአንድ ፍላጻ ላይ ተመሥርቶ አይደረግም። ማንም ቀስተኛ ፍላጻዎቹን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይከትም፤ ይበታተናሉ፣ የሚፈለገውም የስብስቡ መሃል ነው። የአንድ ቀስተኛ ፍላጻዎች ከፍታ በ50 ሜትር ላይ 4 ሴ.ሜ. መደበኛ ልይይት ካለው፣ የ3 ፍላጻዎች አማካይ ራሱ በ2.3 ሴ.ሜ. ያህል ይዋዥቃል፤ የ12 ፍላጻዎች አማካይ ግን በ1.2 ሴ.ሜ. ብቻ። ይህ በፒኑ ላይ 0.4 እና 0.2 ሚ.ሜ. ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ከሦስት ፍላጻ በኋላ ፒኑን በ0.2 ሚ.ሜ. የሚያንቀሳቅስ ሰው የሚያሳድደው ማነጣጠሪያውን ሳይሆን ዕድሉን እንደሆነ ነው። ቀስተኛው ሲለቅ ራሱ ያወቀው መጥፎ ተኩስ ከስብስቡ ይወጣል፤ ነገር ግን ይህ መባል ያለበት ፍላጻው የት እንዳረፈ ከመታየቱ በፊት ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ድካም ነው። አንድ ሙሉ ቀን ሲተኮስ ውሎ አመሻሹ ላይ የወጣ የ60 ሜትር ምልክት በማግስቱ ጠዋት አይሠራም። የሩቆቹን ምልክቶች ሰውነት ባልደከመበት ሰዓት ማውጣትና በሌላ ቀን ደግሞ መፈተሽ ይመከራል።

በስሌትና በሶፍትዌር

ለእያንዳንዱ 5 ሜትር መተኮስ አሰልቺ ስለሆነ አብዛኛው ተወዳዳሪ ጥቂት ምልክቶችን በተኩስ አውጥቶ የቀሩትን በኮምፒውተር ያሰላል። አርቸርስ አድቫንቴጅ የተባለው ፕሮግራም ከታወቁት አንዱ ነው። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው። የፒኑን ቦታ የሚወስኑት ዋና የማይታወቁ ቁጥሮች የፍላጻው ፍጥነትና የፒፑ ከፍታ ናቸው፤ ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮችን ለማግኘት ሁለት እኩልታ ይበቃል፣ ሁለቱን እኩልታ የሚሰጡትም አንድ የቅርብና አንድ የሩቅ ምልክት ናቸው። ፕሮግራሞቹ የፍላጻውን ክብደት፣ ውፍረትና ላባ በመጠየቅ የአየር ሰበቃንም ይጨምራሉ። ውጤቱ በወረቀት ታትሞ ከመስፈሪያው ጎን ይለጠፋል።

ሁለቱ ምልክቶች ከተቀራረቡ ግን ፕሮግራሙም ከሰው የተሻለ አይሆንም። በ20 እና በ30 ሜትር መካከል የተፈጠረ የ0.3 ሚ.ሜ. ስህተት ወደ 80 ሲዘረጋ ይባዛል። በ20 እና በ60 ከተወሰደ ግን በመካከሉ ይጠፋል። ስለዚህ የሩቁ ምልክት ቀስተኛው በአስተማማኝ ሁኔታ ስብስብ መሥራት በሚችልበት የመጨረሻ ርቀት ላይ ይወሰዳል፤ በመካከል ያለ ሦስተኛ ርቀት ደግሞ ለማረጋገጫ ይተኮሳል። ፕሮግራሙና ፍላጻው ሲለያዩ ትክክለኛው ፍላጻው ነው።

መጋደል፣ ተዳፋትና ነፋስ

በስኮፑ ውስጥ ትንሽ ውሃ ልክ አለ። ደጋኑ በ1 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሲጋደል ፍላጻው በ20 ሜትር ላይ ከ1 ሴ.ሜ. ባነሰ፣ በ50 ላይ ግን ከ3 ሴ.ሜ. በላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ውድቀቱን ለማካካስ ወደ ላይ የተሰጠው ማዕዘን ወደ ጎን ስለሚያጋድል ነው። ውሃ ልኩ ራሱ ተጣሞ ከተገጠመ ደግሞ ቀስተኛው በየርቀቱ በተለያየ መጠን ወደ ጎን ይስታል፣ ምክንያቱንም አያገኘውም። ስለዚህ ደጋኑ ከቱምቢ ክር ጋር ትይዩ ተደርጎ ሲያዝ አረፋው መሃል ላይ መሆኑ ይረጋገጣል። ሦስተኛ ዘንግ የሚባለው ማስተካከያ ግን በሜዳማ ቦታ አይታወቅም። ስኮፑ ከፍላጻው መስመር ጋር ትክክለኛ ማዕዘን ካልሠራ አረፋው ሽቅብና ቁልቁል ሲነጣጠር ብቻ ይዋሻል፤ ፍተሻውም ደጋኑን ገትሮ ወደ ታችና ወደ ላይ በማዘንበል የቱምቢ ክር ላይ ማነጣጠር ነው።

በተዳፋት ላይ ፍላጻው የሚወድቀው በዋናነት በአግድሙ ርቀት መሠረት ነው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 50 ሜትር የሚርቅ ዒላማ አግድም ርቀቱ 43 ሜትር ገደማ ነው (50 በ30 ዲግሪ ኮሳይን ሲባዛ)። የ50 ምልክቱን የተጠቀመ ሰው 20 ሴ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ይመታል፤ ሽቅብም ቢሆን ቁልቁልም ቢሆን። ብዙዎች ሽቅብ ሲተኮስ ምልክቱ መጨመር ያለበት ይመስላቸዋል፤ ልክ አይደለም።

ርቀቱ ሳይነገር በሚተኮስበት ውድድር የዓይን ግምት ራሱ የስህተት ምንጭ ነው። በምሳሌው ደጋን የ1 ሜትር የግምት ስህተት በ20 ሜትር ላይ 0.8 ሴ.ሜ.፣ በ50 ላይ 3.2 ሴ.ሜ.፣ በ80 ላይ 5.3 ሴ.ሜ. ያሳጣል። ነፋስ ደግሞ በማነጣጠሪያ አይፈታም ማለት ይቻላል፤ ስለሚለዋወጥ ብዙ ቀስተኞች ፒኑን ሳይነኩ የሚያነጣጥሩበትን ነጥብ ወደ ነፋሱ መምጫ ያዛውራሉ። ምልክት የሚወጣውም ነፋስ በሌለበት ሰዓት ነው።

ፒኑ መውረጃ ሲያጣ

ፒኑ እየወረደ ሲሄድ የስኮፑ ታችኛው ጠርዝ ፍላጻው የሚያልፍበት መስመር ውስጥ ይገባል። የፍላጻው ላባ ስኮፑን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ፍላጻው ግን አቅጣጫውን ይስታል። የምሳሌው ደጋን በ80 ሜትር ላይ ፒኑ ከፍላጻው አሁንም ከ6 ሴ.ሜ. በላይ ከፍ ስለሚል ችግር የለበትም። ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ሜትር የሆነ፣ ለወጣቶች የሚሆን ቀላል ደጋን ግን በዚያው ርቀት ፒኑ ከፍላጻው 1.6 ሴ.ሜ. ብቻ ከፍ ይላል፤ ከ3 ሴ.ሜ. የሚሰፋ ስኮፕ መንገዱን ዘግቶታል ማለት ነው። መፍትሔዎቹ ቀለል ያለ ፍላጻ መጠቀም፣ የማነጣጠሪያውን ዘንግ ወደ ዓይን ማቅረብ፣ ትንሽ ስኮፕ መግጠም ወይም ፒፑን ከፍ ማድረግ ናቸው። የመጨረሻው እጅ በአገጭ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚለውጥ ቀድሞ የወጡትን ምልክቶች በሙሉ ያፈርሳል።

በውድድር

በወርልድ አርቸሪ ሕግ የኮምፓውንድ የሜዳ ላይ ዒላማ ውድድር በ50 ሜትር ይካሄዳል። በማጣሪያው 72 ፍላጻ ይተኮሳል፣ ከፍተኛው ነጥብም 720 ነው፤ በጥሎ ማለፉ በ15 ፍላጻ ከ150 ይወዳደራሉ። የቤት ውስጡ ርቀት 18 ሜትር ነው። ፊልድ በሚባለው፣ በተፈጥሮ መልክዓ ምድር በሚደረገው ውድድር ደግሞ ርቀታቸው የተነገረ ዒላማዎች ለኮምፓውንድ እስከ 60 ሜትር ይደርሳሉ፣ ርቀታቸው ያልተነገሩትን በሌዘር መለካትም የተከለከለ ነው። ኮምፓውንድ ለረጅም ጊዜ ከኦሎምፒክ ውጭ ቆይቶ የድብልቅ ቡድን ውድድሩ በ2028 እ.ኤ.አ. ለሚካሄደው የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ተካቷል።

በፓራሊምፒክ ግን ኮምፓውንድ ቀድሞ ገብቷል። ያለ ክንድ የተወለደውና ደጋኑን በእግሩ ይዞ የሚገትረው አሜሪካዊ ማት ስተትዝማን በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ብር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ወርቅ አግኝቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ 283.47 ሜትር ርቆ ዒላማ በመምታት የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። ከላይ በምሳሌነት የተወሰደው ደጋን ለዚያ ርቀት ይስተካከል ቢባል፣ የአየር ሰበቃ ሳይቆጠር እንኳ ፒኑ ከፍላጻው በታች 5 ሴ.ሜ. መውረድ ይኖርበት ነበር።